ዣን አንሪ ፋብር፦ ሜዳውን የመማሪያ ክፍል ያደረገ መምህር

በሙያችን ከቀደሙን ሰዎች መካከል ዛሬ የምናስታውሰው ፈረንሳዊውን ዣን አንሪ ፋብርን ነው። ዓለም የሚያውቀው የነፍሳትን ኑሮ በመመርመሩ ነው። እኛ ዕጩ መምህራን ግን ከዚህ ሌላ የምንፈልግበት ጉዳይ አለን፤ ሰውዬው እንደኛው ከማሰልጠኛ የወጣ፣ ልጆቹን የሚወድ አባትና ሜዳ የማይጠግብ ሰው ነበር። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1823 ሴን ሌዮን በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አቪኞን ከተማ ወደሚገኘው የመምህራን ማሰልጠኛ የገባው ተወዳድሮ ባገኘው ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። በ1842 በመምህርነት ካርፓንትራ ሲገባ ዕድሜው ገና 18፣ ደመወዙም በዓመት 700 ፍራንክ ነበር። የመምህር ኪስ ያን ጊዜም ያው ነበር ማለት ነው!

እዚያ የመሬት ቅየሳን በጥቁር ሰሌዳ ከማስተማር ይልቅ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ጠፍ ሜዳ ወጣ። ታዲያ ችካል እንዲተክል የተላከው ልጅ መንገድ ላይ ጎንበስ ይላል፣ ድንጋይ ያነሣል፣ ይዘገያል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚሁ። ነገሩ ሲጣራ ለካ ልጆቹ ድንጋይ ላይ የጭቃ ቤት የምትሠራ የዱር ንብ አግኝተው ማሯን በአገዳ እየመጠጡ ኖሯል! ስንቶቻችን በቁጣ እንገነፍል ነበር? ፋብር ግን ራሱም ማሩን ቀመሰና ቅየሳውን ለሌላ ሰዓት አቆየው። ያችን ንብ ጠንቅቆ ለማወቅ ሲልም የአንድ ወር ደመወዙን አውጥቶ የነፍሳት መጽሐፍ ገዛ። ያን ወር በምን እንደሚኖር ማሰብ ቀላል አይደለም፤ እኛም ይህን ነገር አናሞግሰውም። የኋላ ሕይወቱ ግን ከዚያ መጽሐፍ ይጀምራል።

ከዚያ በኮርሲካ ደሴት፣ ከ1853 ጀምሮም አቪኞን አስተማረ። በዕረፍቱ ዕፅዋት ለመሰብሰብ ይወጣ ነበር፤ ከ1,900 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የቫንቱን ተራራ ከሃያ ጊዜ በላይ ወጥቶታል።

አቪኞን ውስጥ ለሕዝብ የማታ ትምህርት በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ወጣት ሴቶችም ይመጡ ነበር። ለእነሱ አበባ እንዴት ዘር እንደሚይዝ ማስተማሩ ወንጀል ሆነና ወግ አጥባቂዎች ተነሡበት። የቤት አከራዮቹም አስወጡት። በ1870 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ሥራውን ትቶ ወደ ኦራንዥ ተሰደደ። ዕፅዋት አብሮት የሚለቅመው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል 3,000 ፍራንክ ባያበድረው ኖሮ መውደቂያም አልነበረው። ብድሩን በኋላ ከፍሏል፤ ቤተሰቡን ያኖረው ለተማሪዎች የሳይንስ መጻሕፍት እየጻፈ ነው።

ልጆቹ የምርምር ጓደኞቹ ነበሩ። ንቦችን ምልክት አድርጎ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲለቅ፣ ጎጆው ዘንድ ተቀምጣ መመለሳቸውን የምትጠብቀው ልጁ አግላኤ ናት። ወንዱ ልጅ ዡል ደግሞ ዓይኑ እንደ አባቱ የሰላ ነበር። ዡል በ1877 በ16 ዓመቱ ሞተ። አባትየው በሐዘኑ መካከል የመጀመሪያውን ታላቅ መጽሐፉን ጻፈ፤ ለሳይንስ አዲስ ለሆኑ ተርቦችም የልጁን ስም ሰጣቸው።

መጽሐፉ በ1879 ሲወጣ ፋብር ሴሪኛን መንደር ውስጥ ድንጋያማ ጠፍ መሬት ገዝቶ ገባበት። ጎረቤት ምንም የማይበቅልበት ያለውን መሬት እሱ የወደደው ተርብና ጥንዚዛ ስለሞላበት ነው። እስከ 1907 አሥር ቅጽ ጻፈ። ዳርዊን በትዝብት ችሎታው እጅግ ያደንቀው ነበር፤ ፋብር ግን የዳርዊንን ንድፈ ሐሳብ አልተቀበለም። እዚህ ላይ ተሳስቷል፤ ያየው ግን አሁንም ያየው ነው።

ሚስቱ በ1885 ሞተችበት፤ ዳግመኛ አግብቶ በስተርጅና ሦስት ልጆች ወለደ። አንድ የግንቦት ማታ ከነዚሁ አንዱ፣ ትንሹ ፖል፣ ግማሽ ልብሱን አውልቆ እየጮኸ አባቱን ጠራ፤ ክፍሉን ወፍ የሚያካክሉ የእሳት እራቶች ሞልተውታል! ጠዋት ከድጎዋ የወጣች አንዲት እንስት በሽቦ ቆብ ሥር ተቀምጣ ነበርና አርባ ያህል ወንዶች በጨለማ ተጠራርተው መጡ። አዛውንትና ሕፃን ልጅ ሻማ ይዘው ክፍል ለክፍል ዞሩ። ፋብር እንስቲቱን በምን እንደሚያገኟት ለማወቅ ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጀበት።

በጥቅምት 1915 በ91 ዓመቱ እዚያው ሴሪኛን ሞተ። ቤቱና ያ ጠፍ መሬት ዛሬ ሙዚየም ነው።