በድሬዳዋ ጉምሩክ የገበሬውን ድካም የመዘኑት ነጋድራስ

ከአንጋጫ ድንችና ስንዴ በጆንያ ተጭኖ ይወጣል፤ በዚያው መንገድ ሳሙና፣ ዘይትና ቆርቆሮ ተጭኖ ይመለሳል። የሚወጣው ከማሳ እንደተነሣ ነው፤ የሚገባው ግን ሌላ ቦታ ያሉ ሠራተኞች ደመወዝ የተከፈሉበት ዕቃ ነው። በዚህ ልውውጥ ማን እንደሚከብርና ማን እንደሚደኸይ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ የጻፉት ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ሻለቃ ባይከዳኝ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር መተማ ላይ ወደቁ። ዘመኑ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው፣ በከብት ደስታ በሽታ በሬው አልቆ ገበሬው ጠምዶ የሚያርሰው ያጣበት ነበር። ሕፃኑ ወደ ኤርትራ ተሻግሮ፣ ምፅዋ አጠገብ ባለችው ምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተጠጋ። ከዚያም ከባልንጀሮቹ ጋር መርከብ ላይ ወጥቶ አውሮፓ ደረሰ፤ የመርከቡ አዛዥም ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ሰጠው። በዚያው አድጎ ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻው ተናገረ፤ በርሊንም ሕክምና ተማረ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ሲታመስ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከስደት በኋላ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተሰኘው ጽሑፋቸው ግብሩ ልክ እንዲኖረው፣ ሹሙና ወታደሩም በገበሬው ጓዳ ሳይሆን በተቆረጠ ደመወዝ እንዲያድሩ ጠየቁ። ጃፓንንም ለምሳሌ አነሡ።

ለሐሳባቸው ትልቁ ትምህርት ቤት ግን ምድር ባቡሩ ነበር። መጀመሪያ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግዱና የጉምሩኩ ሹም ሆነው ተሾሙ። ድሬዳዋን ባቡሩ የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ደረሰ፤ ገበያው፣ የጥገና ቤቱና መጋዘኑም በዚያው ተሰበሰበ። ነጋድራሱ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ቡና፣ ቆዳና ሰም፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውንም አቡጀዲድ በየዕለቱ ያዩ ነበር።

ካዩት ተነሥተው የደረሱበት ሐሳብ ይህ ነው። ሀብት የሚመጣው ከሥራ ነው፤ ገንዘብ መለዋወጫ ብቻ ነው። አንዱ ሕዝብ በመኪና፣ ሌላው በባዶ እጅ ሲሠራ የሁለቱ የአንድ ቀን ድካም እኩል ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ ቡና አምራቹ ብዙ ወራት የደከመበትን ሰጥቶ፣ በውጭ አገር ፋብሪካ በጥቂት ሰዓት የተሠራ ጨርቅ ይቀበላል። ልውውጡ በገበያ ዋጋ እኩል ቢመስልም በድካም ሲመዘን እኩል አይደለም። ባቡሩም ብቻውን ይህን አያቃናም፤ አገሩ ዕውቀትና የራሱ ሥራ ከሌለው ጥሬውን ለማውጣትና የባዕዱን ሸቀጥ ለማስገባት ያፈጥናል እንጂ።

ይህ ሐሳብ ለከምባታና ለሐዲያ ሰው ሩቅ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲከፈት ሸንኮራ ለመቁረጥ ከሄዱት መካከል የእነዚህ አካባቢዎች ወጣቶች ብዙ ነበሩ። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ስለነበር ጉልበቱ ፋብሪካውን ተከትሎ ሄደ። ዛሬም ጉዞው እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። ፋብሪካ ይምጣልን የሚል ወረዳ መንገድና መብራት መጠየቁ ተገቢ ነው። ሆኖም ድንቹን የሚለይና የሚያቆይ መጋዘን፣ ስንዴውን የሚፈጭ ወፍጮ፣ መኪናውን የሚጠግን ልጅ በቀዬው ከሌለ፣ ጥሩ መንገድ ጆንያውን ፈጥኖ ከማውጣት ያለፈ ነገር አይሠራም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ቀጥቃጩን የመናቅ ልማድም ከዚሁ ጋር የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን መስደብ በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር።

ድሬዳዋ ከነጋድራሱ በኋላ የጥጥና የሲሚንቶ ፋብሪካ አግኝታለች። እሳቸው ግን ይህን አላዩም። በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ዕድሜያቸው ገና 33 ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘው ዋና መጽሐፋቸው በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ፣ በ1916 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ ዘመን አዲስ አበባ ታተመ።