አባ ጸብራ፦ የቤተ እስራኤል መነኩሴ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ የጣናን ሐይቅ ወደ ሰሜን የተሻገረ መንገደኛ ጎርጎራ ሲደርስ የደምብያን ምድር ይረግጣል። በዚህ አገርና በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ ዛሬ አብዛኞቹ በእስራኤል አገር ናቸው። ከአባቶቻቸው መካከል ስማቸው ገኖ የሚነሣው አባ ጸብራ ናቸው።

አባ ጸብራ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) እንደ ነበሩ የቤተ እስራኤል ትውፊት ይናገራል። አስቀድመው ክርስቲያን መነኩሴ ነበሩ፤ ሕዝቡን ወደ ክርስትና ሊያመጡ ሄደው ራሳቸው ወደ እርሱ እምነት ገቡ። የንጉሡ ልጅ ጸጋ አምላክም ተከተላቸው። ሁለቱም በሆሃርዋ ገዳም መሥርተው፣ በሌላው ዓለም ባሉ አይሁድ ዘንድ ያልተለመደውን ምንኩስና ተከሉ። የጸሎቱን ሥርዓትና የንጽሕናውን ሕግ ያጸኑትም እነርሱ እንደ ሆኑ ይነገራል።

ዓለምን የተወ መነኩሴ ስለ ውኃ፣ ስለ እሳትና ስለ እህል ይህን ያህል መጠንቀቁ ስለ ምንድር ነው? በኦሪት ሰው ከምድር አፈርና ከእግዚአብሔር እስትንፋስ የሆነ አንድ ሕያው ፍጡር ነው፤ ሥጋው የነፍሱ እስር ቤት አይደለም። በዕብራይስጥ ዓቮዳ የሚለው ቃል የእጅ ሥራንም የቤተ መቅደስ አገልግሎትንም ይሰይማል። የእኛም ግእዝ ከአንድ ሥር ግብርናንና ግብረ ሕማማትን አውጥቷል። በጥምቀት ውኃና በተቀደሰ ዘይት ጸጋ እንደሚሰጥ የምናስተምር እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም።

ቤተ እስራኤል ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በወንዝ ይታጠቡ ነበር። በሰንበት እሳት አይነድም፤ የሚበላው ሁሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ዳቦውም ወደ ጸሎት ቤት ይመጣል፤ ቄሱ ይባርኩታል፤ ሕዝቡም በአንድነት ይበላል። ያንን ዳቦ የሚቀበሉት እጆች በሌላው ቀን ብረት የቀጠቀጡ፣ ሸክላ የሠሩ፣ ሸማ የሸመኑ ናቸው። የአገራችን ክርስቲያን በእነዚያ እጆች የተሠራውን ማረሻ እየያዘ ባለሙያውን ቡዳ ብሎ ሸሸው፤ ይህን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በእነርሱም በኩል ባዕድን መንካት የሚከለክለው ሕግ በሩን ይበልጥ አጠበበው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እንዲከበር አጸኑ። እንግዲህ ትውፊቱ እንደሚለው ከሆነ አባት በቤተ መንግሥት፣ ልጅ በገዳም፣ በአንድ ቀን ከሥራ ያርፉ ነበር።