ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። ለረጅም ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫውተዋል፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያሸነፈውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ትውልድ

ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመናቸው የታወቁ ዘፋኝና ባለቅኔ ሲሆኑ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ናቸው።

በተጫዋችነት

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተ ክለብ ነው። ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን ከተማዋን ያዘ። የፋሽስቱ አገዛዝ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ የክለቡንም ስም አስለወጠ። ወጣቱ ይድነቃቸው ኳስን የተማሩት በዚህ ዘመን ነበር።

ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ የሚወዳደሩት ክለቦች በየማኅበረሰቡ የተደራጁ ነበሩ። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ይጠቀሳሉ። ኢትዮጵያውያን የእኛ የሚሉት ጊዮርጊስን ስለነበረ፣ በተለይ ከጣሊያኖቹ ጋር የሚደረግ ግጥሚያ ለተመልካቹ ከጨዋታ በላይ ትርጉም ነበረው። ይድነቃቸውም በአጥቂነታቸው የተወደዱት በዚሁ ሜዳ ነው። ለብሔራዊ ቡድንም ተጫውተዋል።

የ1954 ዓ.ም. ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ (ግብጽ) ሁለት ጊዜ ብትመራም ተክሌ ኪዳኔና ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይህ እስከ ዛሬ ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

በአህጉር መሪነት

በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ካፍን ከመሠረቱት አንዱ ይድነቃቸው ናቸው። መሥራቾቹ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ተገለለች። በዘር የመለየትን ግፍ በወጣትነታቸው ያዩት ይድነቃቸው የአፓርታይድን ስፖርት እስከ መጨረሻው ተቃወሙ። ፊፋ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አባረረ።

ሌላው ትግላቸው የዓለም ዋንጫ ቦታ ነበር። ለ1958ቱ ውድድር የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር ተጨማሪ ማጣሪያ እንዲገጥም ፊፋ ወሰነ። ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ውሳኔውን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። በውጤቱ አፍሪካ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ቋሚ ቦታ አገኘች፤ የመጀመሪያዋም ተጠቃሚ ሞሮኮ ሆነች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት ሆነ።

ይድነቃቸው የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ።

ሕልፈት

ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም በ65 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። በ1980 ዓ.ም. ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።