የሻምበል አበበ ቢቂላ የኋለኛው ዘመን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ወገን በመገናኛና በኮተቤ በኩል አልፎ፥ ለገጣፎን፥ ሰንዳፋንና ሸኖን እየነካ ወደ ደብረ ብርሃን የሚዘልቀው መንገድ ለብዙ ሰው የንግድና የዘመድ መጠየቂያ መንገድ ነው። ለሻምበል አበበ ቢቂላ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ሆኖበታል። በወጣትነቱ ከትውልድ አገሩ ወደ ዋናው ከተማ የመጣው ከዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ዓለም ያደነቃቸው እግሮቹ ለዘላለም ያልታዘዙት የሆኑትም በዚሁ አቅጣጫ ነው። ከመንገዱ በስተ ሰሜን የሚታዩት የየካና የእንጦጦ ኮረብቶች ደግሞ፥ ቁመታቸው በአንዳንድ ስፍራ ከ3000 ሜትር የሚያልፍ በመሆኑ፥ የኢትዮጵያ ሯጮች ንጋት ላይ በባሕር ዛፉ መካከል እየወጡና እየወረዱ ትንፋሻቸውን የሚያለማምዱባቸው ቦታዎች ናቸው።

ስለዚህ ሰው የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ በሮማ ይጀምርና በቶኪዮ ያበቃል። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ ድል ለመተረክ ይጣፍጣልና። ዳሩ ግን ከቶኪዮ በኋላ የኖራቸው ዘጠኝ ዓመታት በእኛ አስተያየት ከፊተኞቹ የማያንሱ፥ ምናልባትም የሚበልጡ ናቸውና፥ የዛሬው ጽሑፋችን ይልቁን በእነርሱ ላይ ያተኩራል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን ወገን ጃቶ በምትባል መንደር ከአባቱ ከአቶ ቢቂላ ደምሴና ከእናቱ ከወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ተወለደ። በዚያው ዕለት በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። በልጅነቱ እንደ አገሩ ልጆች ከብት ጠበቀ፤ ገናም ተጫወተ። ገና ማለት አንባቢ እንደሚያውቀው በቆልማማ በትር ሩር እየመቱ የሚሯሯጡበት፥ ለሜዳው ወሰን፥ ለሩጫውም ልክ የሌለው የልደት ሰሞን ጨዋታ ነው። ፈረንጆች ጎልፍ የሚሉት የበትርና የኳስ ጨዋታ ከእርሱ ጋር ሲተያይ እጅግ ጸጥ ያለ፥ ሽማግሌ የሆነ ዘመዱ ይመስላል።

ዕድሜው ወደ ሃያ ሲጠጋ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ከሌሎች ወታደሮች መካከል አይተው መረጡትና የረጅም ርቀት ሩጫን ሥርዐት አስተማሩት። በ1952 ዓ.ም ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን በሕግ አገባ፤ ከእርሷም አራት ልጆችን አፈራ።

የሮማው ድል የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፥ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። አዲስ የገዛው ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ባዶ እግሩን ለመሮጥ ቈረጠ። ከሞሮኮው ከራዲ ቤን አብደሰላም ጋር አብረው ሲሮጡ ቆይተው፥ በ1929 ዓ.ም ከአገራችን ተወስዶ በዚያ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት ወገን ሲደርሱ አበበ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በሆነ ጊዜ፥ እስከዚያን ቀን ማንም ባልሮጠው ፍጥነት ጨረሰ። ሐውልቱ ራሱ ወደ አክሱም የተመለሰው ከ45 ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም ነው።

የመጀመሪያው የሰውነት ፈተና የመጣበት ለቶኪዮ ሲዘጋጅ ነበር። ከውድድሩ በፊት በደብረ ዘይት ሲለማመድ ሕመም ተሰማው፤ የትርፍ አንጀት በሽታ መሆኑ ታወቀና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም ሆዱ ተቀደደ። ውድድሩ ጥቅምት 11 ቀን ነበርና የቀረው 35 ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቍስል ያለበት ሰው 42 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበረ። አበበ ግን ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በሆነ ጊዜም አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። እርሱን እስኪጠብቁ ድረስ አበበ በሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እጅና እግሩን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ማዕረግ ጨመሩለት፤ ነጭ ፎልክስዋገን መኪናም ሸለሙት።

የሆድ ቍስል በአምስት ሳምንት ሽሮ ነበር። የእግር ነገር ግን እንደዚያ አልሆነም። በ1959 ዓ.ም ክረምት በእስፓኝ አገር በሳራውስ ሲሮጥ የጭኑ ጅማት ተጎዳና ሩጫውን አቋረጠ፤ ከዚያ ወዲያ እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። ቢሆንም ሦስተኛውን ድል ተስፋ አድርጎ ወደ ሜክሲኮ ተጓዘ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም አንደኛ ቍጥር በደረቱ ለጥፎ ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ግን የእግሩ ቀጭን አጥንት በመሰንጠቁ መቀጠል አቃተው። ከሕዝብ ፊት መውጣት ለማንም ከባድ ነው፤ ድል ለለመደ ሰው ደግሞ ይብሳል። ድሉን ባልደረባው ማሞ ወልዴ ወሰደ፤ አክሊሉም ከኢትዮጵያ ሳይወጣ ቀረ። ለአበበ ይህ መጽናኛ እንደ ነበረ ከኋላው ሥራው ይታያል፤ ለማሞ የነበረው ወዳጅነት አልቀዘቀዘምና።

ከዚህ በኋላ አምስት ወር እንዳለፈ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት፥ በሸኖ በኩል ባለው መንገድ ብቻውን ሲነዳ መኪናው ተገለበጠ። የአደጋው ምክንያት በልዩ ልዩ መንገድ ይተረካል፤ ከፊት በፍጥነት ከመጣ መኪና ለመሸሽ ሲል ነው የሚሉ አሉ። ከመኪናው ውስጥ መውጣት ሳይችል ቆየ። ለድል የተሸለመው መኪና የመከራው ምክንያት ሆነ። በመጀመሪያ በክብር ዘበኛ ሆስፒታል ታከመ፤ በሳምንቱ መጋቢት 20 ቀን ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተላከ። የአንገቱ አከርካሪ ተጎድቶ ነበርና በመጀመሪያ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ያህል ከታከመ በኋላ የእጆቹ ኃይል ተመለሰለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ መጥተው ጠይቀውታል።

ከመኪና አደጋ በኋላ ወደ ጨዋታቸው ተመልሰው ስም ያተረፉ ሰዎች በሌላው ዓለምም አሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆገን ነው። በ1941 ዓ.ም በቴክሳስ አገር መኪናው ከትልቅ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ የዳሌው፥ የቍርጭምጭሚቱና የሌላም አካሉ አጥንት ተሰበረ፤ በእግሩ ደም ሥር የረጋው ደምም ሊገድለው ነበር። ሐኪሞች መራመዱን እንኳ ተጠራጥረው ሳለ፥ ከ16 ወር በኋላ እግሮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በሜሪየን ሜዳ በተደረገው የአሜሪካ ታላቅ ውድድር ገባ። ጎልፍ ሩጫ የለበትም የሚል ሰው ይህን ይመርምር፤ በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ፥ በማግስቱም 18 ጉድጓድ መዞር ማለት በታመመ እግር ብዙ ኪሎ ሜትር መራመድ ማለት ነው። ሆገን ተራምዶ አሸነፈ።

ይህ መልካም ታሪክ ነው፤ ለሰሚም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሆገን የተመለሰው ወደ ቀድሞው ጨዋታ፥ በቀድሞው እግሩ ነው። ለአበበ እንዲህ ያለው በር ተዘግቶ ነበር። እርሱ መመለስ የሚችለው ወደ ሩጫ አይደለም፤ ወደ ውድድር ብቻ ነው። ሁለቱን መለየት ለሰው እጅግ ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የቀድሞውን ካላገኘ ሌላውን ይንቃልና።

የገባበት ሆስፒታልም ይህን ልዩነት ለማስተማር የተሠራ ያህል ነበር። ስቶክ ማንደቪልን ያስጠሩት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የናዚን መንግሥት ሸሽተው ከጀርመን የወጡ ይሁዲ ሐኪም ናቸው። ከእርሳቸው በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው በአልጋ ቍስልና በሽንት መንገድ ሕመም ምክንያት ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይሞት ነበር፤ ሐኪሞችም ተስፋ ቈርጠው ይተዉት ነበር። ጉትማን ሕመምተኛውን ሌሊትም ቀንም እያገላበጡ ከቍስል ጠበቁት፤ ከዚያም አልጋውን ለቆ እንዲሠራ፥ እንዲጫወትም አደረጉት። ለዚህ የመረጡት አንዱ ጨዋታ የቀስት ኢላማ ነው። ቀስት መሳብ የትከሻን፥ የክንድንና የጀርባን ጡንቻ ያጠነክራል፤ በወንበር ላይ ሚዛን ጠብቆ መቀመጥንም ያስተምራል። ከዚህም በላይ ቀስተኛው ተቀምጦ ቢወረውር ቆሞ ከሚወረውረው ጋር በአንድ ሜዳ መጋጠም ይችላል። በ1940 ዓ.ም ሐምሌ 22 ቀን፥ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፥ 16 የአካል ጉዳተኞች በሆስፒታሉ ቅጥር ግቢ በቀስት ተወዳደሩ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ የበቀለው ከዚያ ነው።

አበበም ቀስት አነሣ። በ1962 ዓ.ም በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። እስቲ አንባቢ ነገሩን በልቡ ይመልከተው። በዓለም ላይ በስሙ የማያውቀው የለም፤ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ በቤቱ አለ፤ ተቀምጦ ክብሩን ቢጠብቅ ማንም አይነቅፈውም። እርሱ ግን ምናልባት ሊሸነፍበት በሚችል አዲስ ትምህርት ቤት እንደ ጀማሪ ተማሪ ገባ። በሮማ ባዶ እግሩን መሮጡ ድፍረት ከተባለ፥ ይህኛው የበለጠ ድፍረት ነው እንላለን።

በሚከተለው ዓመት በ1963 ዓ.ም በኖርዌይ አገር በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በእንግድነት ተጠርቶ ሄደ። በክብር ወንበር ተቀምጦ እንዲያይ ነበር የታሰበው፤ እርሱ ግን እወዳደራለሁ ብሎ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ገባ። ደግሞም በበረዶ ላይ በሚንሸራተት መቀመጫ በተደረገው የረጅም መንገድ ውድድር 16 ሰዎችን ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በረዶ የማያውቅ አገር ልጅ የበረዶ አገር ሰዎችን በበረዶ ላይ ቀደመ።

እዚህ ላይ ለመሥሪያ ቤት ሹማምንት አንድ ነገር ማንሣት እንወዳለን። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 የአካል ጉዳተኞች በሥራ ቅጥር እንዳይገለሉ ደንግጓል፤ በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624ም ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለእነርሱ የሚመቹ ሆነው እንዲሠሩ አዝዟል። ሻምበል አበበ በባለ ጎማ ወንበሩ ሆኖ ዛሬ ጉዳይ ለማስፈጸም ቢመጣ፥ ስንቱ መሥሪያ ቤት ሰው ሳይሸከመው ያስገባዋል? ደረጃው የበዛበት ደጀ ሰላም ያለው የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪም ይህን ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርበው አይጎዳውም።

በ1964 ዓ.ም መጨረሻ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ኦሊምፒክ ሲደረግ አበበ በክብር እንግድነት ተጋብዞ ነበር። በባለ ጎማ ወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የዚያ ዓመት ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነበር፤ በሮማ ካሸነፈ ልክ 12 ዓመት በሞላበት ዕለት ማለት ነው። ማሞ ወልዴ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ ሦስተኛ ሲወጣ አየ። አንደኛ የወጣው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከአደጋው ጋር የተያያዘ ነው በተባለ የአንጎል ደም መፍሰስ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በቀብሩ ተገኙ፤ ለአገሩም ሁሉ የሐዘን ቀን ታወጀ፤ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም አስከሬኑን ተከትሎ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ቀበረው። ማሞ ወልዴም በ1994 ዓ.ም ግንቦት ወር ባረፈ ጊዜ በዚያው መካነ መቃብር ተቀበረ።