ወላጆችን ለማስተማር ሄደው ከወላጅ የተማሩት ፓውሎ ፍሬሬ

በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በምትገኘው በሬሲፌ ከተማ፣ ካዛ አማሬላ በተባለው ሰፈር፣ አንድ ምሽት የሠራተኛ ቤተሰቦች ተሰብስበው ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚሰጥ ትምህርት ያዳምጡ ነበር። ተናጋሪው የኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማኅበር በሚያስተዳድረው ሴሲ በተባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋም ውስጥ የሚሠሩት ፓውሎ ፍሬሬ ነበሩ።

ተቋሙ ቀደም ሲል በአንድ ሺህ ያህል ቤተሰቦች ላይ ባካሄደው ጥናት ልጆች በቀበቶ እንደሚገረፉ፣ ከዛፍ ጋር እንደሚታሰሩና ለሰዓታት እንደሚቆለፍባቸው ተረድቶ ነበር። በባሕሩ ዳርቻ በሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ግን ልጆች በነፃነት ያድጉ ነበር። ፍሬሬም የስዊዘርላንዱን ምሁር የዣን ፒያዤን ሐሳብ መሠረት በማድረግ ቅጣት በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሰፊው አብራሩ።

ንግግሩ ሲያበቃ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ሠራተኛ ተነሣ። በመጀመሪያ ተናጋሪውን አመሰገነ፤ ቀጥሎም የእነርሱን ቤት ገብተው አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። አላዩም ነበር። የቤቶቹን ጥበት ገለጠላቸው። ከዚያም ረግጦት የማያውቀውን የፍሬሬን ቤት ክፍሎች፣ መታጠቢያ ቤቱንና ግቢውን አንድ በአንድ ቆጠረላቸው፤ ግምቱም አልሳተም። ፍሬሬ ማታ ደክመው ሲገቡ የሚጠብቋቸው ታጥበው የጠገቡ ልጆች ናቸው። ሠራተኛውን የሚጠብቁት ግን የራባቸውና የሚጮኹ ልጆች ሲሆኑ፣ እርሱም ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቶ ወደ ሥራ መሄድ አለበት። ልጆቻቸውን የሚመቱት ስለማይወዷቸው ሳይሆን የኑሮው ክብደት ሌላ ምርጫ ስላልተወላቸው መሆኑን አስረድቶ ተቀመጠ።

ፍሬሬ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ኤልሳ ንግግራቸው ግልጽ መስሏቸው እንደነበር፣ ሰዎቹ ግን እንዳልተረዷቸው ተናገሩ። መምህርት የነበሩት ኤልሳም ያልተረዱት ምናልባት እርሳቸው ይሆኑ እንደሆነ መልሰው ጠየቋቸው።

ፍሬሬ ለድህነት ፍጹም እንግዳ አልነበሩም። በዚያችው በሬሲፌ በ1921 ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1929 የተከሰተው የኢኮኖሚ ቀውስ ቤተሰባቸውን አደኸየ፤ አባታቸው በ1934 ሲሞቱም ረሃብን በልጅነታቸው ቀመሱ። ሕግ ተምረው ቢመረቁም ጥብቅናውን ገና በጅምሩ ተዉት፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ጉዳያቸው ዕዳውን መክፈል ያልቻለን አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም መክሰስ ስለከበዳቸው ነው።

በሴሲ ያሳለፏቸው ዓመታት አሠራራቸውን ለወጡት። በወላጆችና በመምህራን የውይይት ክበቦች ውስጥ ባለሙያው አዘጋጅቶ የሚያነበው ንግግር ቦታውን እየለቀቀ፣ ወላጆች ራሳቸው በሚያነሷቸው ጉዳዮች ላይ መነጋገር ተለመደ። ለሕዝብ መመሪያ የሚያወርድ ማንኛውም ባለሥልጣን ይህን ለውጥ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ለመተግበር ግን ቀላል አይደለም።

ስማቸውን በሰፊው ያስጠራው በ1963 በአንዢኮስ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ለማስቻል ያካሄዱት ሥራ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው ሰዎቹ በየዕለቱ ከሚጠቀሙባቸው ቃላት ነበር። ለምሳሌ ጡብ የሚል ትርጉም ያለው "ቲጆሎ" በሥዕል ይቀርባል፤ ስለ ሥራና ስለ ቤት ውይይት ይደረጋል፤ ከዚያም ቃሉ ተከፋፍሎ ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ እየተባለ ይነበባል። በፊደል ገበታ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። በመዝጊያው የትምህርት ሰዓት ፕሬዚዳንት ዡዋው ጉላር ራሳቸው ተገኝተው ነበር።

በዚያ ዘመን በብራዚል ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የመምረጥ መብት አልነበረውም። ስለዚህ ሚሊዮኖችን በአጭር ጊዜ ማስተማር ማለት ሚሊዮን መራጮችን መጨመር ነበር። ወታደሮች በ1964 ሥልጣን ሲይዙ በመላ አገሪቱ ሊስፋፋ የታቀደው ፕሮግራም ተሰረዘ። ፍሬሬም ለ70 ቀናት ያህል ታሰሩ፤ ከዚያም ወደ ቦሊቪያ፣ ቀጥሎም ወደ ቺሊ ተሰደዱ። ስለ ተጨቋኞች ትምህርት የሚናገረውንና በዓለም የታወቁበትን መጽሐፍ የጻፉት በቺሊ ነው።

ከ1970 ጀምሮ መቀመጫቸውን በጄኔቫ አድርገው ለዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ሠሩ። በዚሁ ወቅት ከፖርቱጋል አገዛዝ የተላቀቀችውን ጊኒ ቢሳውን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻዋ አግዘዋል። ውጤቱ ግን የተጠበቀው አልነበረም። ማስተማሪያው ፖርቱጋልኛ ሆኖ፣ ከገበሬው ውስጥ ቋንቋውን የሚናገረው ጥቂት ነበር። ከሕዝቡ አንደበት መጀመርን ላስተማሩ ሰው ይህ የሚያስቆጭ ስህተት ነው።

ለዐሥራ ስድስት ዓመታት ያህል በስደት ቆይተው በ1980 አገራቸው ገቡ። የሕይወት ጓደኛቸው ኤልሳ በ1986 አረፉ። ፍሬሬ በ1989 የሳኦ ፓውሎ ከተማ የትምህርት ኃላፊ ሆነው በቢሮ ወንበር ተቀመጡ፤ እስከ 1991 በቆዩበት በዚህ ሥራም ከየሰፈሩ ማኅበራት ጋር በመተባበር የጎልማሶች ትምህርት ንቅናቄ አስጀመሩ። ከሐሳባቸው የመነጨው ሪፍሌክት የተባለው ዘዴ በሀገራችንም ለተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራም ከመነሻዎቹ አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የካዛ አማሬላውን ምሽት እስከ እርጅናቸው አልረሱትም። በ1992 በታተመው ስለ ተስፋ በሚናገረው መጽሐፋቸው የሠራተኛውን ንግግር ከነአካሄዱ አስፍረውታል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 2 ቀን 1997፣ በ75 ዓመታቸው በሳኦ ፓውሎ በልብ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለዩ።