እቴጌ ጣይቱና በገናቸው

በፍኖተ ሰላም ሴት ልጅ ስፌት ይዛ ብትውል ባለሙያ ትባላለች፤ በገና ወይም ሰንጠረዥ ይዛ ብትውል ግን ሥራ ፈት ስትባል እሰማለሁ። እኔ ይህን አሳብ አልቀበለውም፤ ምስክሬም እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

እቴጌ በወጣትነታቸው የተማሩት በዚሁ በጎጃም፣ ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ባለው በደብረ መዊዕ ገዳም ነው። ግእዝ ዐወቁ፤ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወትም ይወዱ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ይበላሉ። የበገና 10 አውታሮች ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸውና ቅኝታቸው ቶሎ ይለወጣል፤ ደርዳሪው ሳይሰለች ደጋግሞ ይቃኛል። በአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ ጨዋታው ወረራ በሚባለው ይጀመራል፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። እጅ ሲሠራ ዓይን ባላጋራን ይጠብቃል።

በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ የሚጠጣው ምንጭ እንዲያዝ የመከሩ እኒሁ እቴጌ ናቸው። ምክሩን ከሰንጠረዥ አገኙት ለማለት አልደፍርም።

በ1902 ዓ.ም. ሥልጣናቸው ተወሰደ። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀምጠው በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በታዕካ ነገሥት በአታ ከባለቤታቸው አጠገብ ነው።