ቅዱስ ያሬድ፣ ቶሎ ያልገባው ተማሪ

የዚህ ዓመት የመገናኛ መጽሐፋችን አዘጋጆች ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ብዙዎቻችሁ ከሐኪም የሐኪም ታሪክ እንደምትጠብቁ አላጣሁትም። እኔ ግን የመረጥኩት የዜማ ሰው ነው። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በተገናኘን ቁጥር አንድ ሐሳብ ይነሳል። ጎንደር ውስጥ በሙዚቃ ጠንከር ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት ቅዳሜና እሁድ የሚሠለጥኑበት ቦታ ቢኖርስ? በሐሳቡ ሁላችንም እንስማማለን። የማንስማማው ማን ይግባ የሚለው ላይ ነው። ግማሾቻችን ጠንከር ያለ የመግቢያ ፈተና እንፈልጋለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ እንፈራዋለን። ክርክሩ በተነሳ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ቅዱስ ያሬድ ነው።

ታሪኩን የምናገኘው በገድሉና ግንቦት 11 ቀን በሚነበበው ስንክሳር ነው። በትውፊቱ መሠረት ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። እናቱም ዘመዱ ለሆኑት ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን የአክሱም ጽዮን መምህር ነበሩና ዳዊት ያስተምሩት ጀመር። ትምህርቱ ግን አልገባ አለው። እኩዮቹ ጥለውት ሲሄዱ እሱ እዚያው ቀረ። ተሰደበ፣ ተገረፈ። በመጨረሻ ሁሉን ትቶ ጠፋ።

እዚህ ላይ እንደ ሐኪም ትንሽ ልቁም። ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ ይዘውልኝ ቢመጡ ካርዱ ላይ ሰነፍ ብዬ አልጽፍም። ዓይኑ በደንብ ያያል ወይ? ጆሮው ይሰማል? ሌሊት ይተኛል? ቁርስ በልቷል? ቤት ውስጥ በቅርብ የሞተ ሰው አለ? አባቱን ያጣ፣ ከእናቱ የተለየ፣ በዚያ ላይ የሚገረፍ ልጅ ቃል በቃሉ መያዝ ቢያቅተው የሚገርም ነገር የለውም። ሐዘንና ፍርሃት የልጅን ትኩረትም፣ እንቅልፍም፣ የማስታወስ ችሎታም ይሰርቃሉ።

ያሬድ በመንገዱ ማይ ኪራህ በሚባል ቦታ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። አንዲት ትል ፍሬ ልትበላ ግንዱን ትወጣለች፤ ትወድቃለች። እንደገና ትወጣለች፤ አሁንም ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰች። ይህንን አይቶ ተመለሰና መምህሩን ይቅርታ ጠየቀ። መምህሩም ተቀበሉት። ታሪኩን ለልጆች ስንተርክ ትሏን እናደንቃለን፤ ያሬድንም እናደንቃለን። የአባ ጌዴዎንን በር ግን እንረሳዋለን። ጥሎ የጠፋ ተማሪ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ድጓ የሚባል መጽሐፍ አይኖረንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ተከፈተለት። ብሉይንም ሐዲስንም ተማረ፤ ዲያቆን ሆነ። ስንክሳሩ እንደሚተርከው ሦስት ወፎች ከሰማይ መጥተው አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ተወስዶ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ሲመለስ የሰማውን በአክሱም ጽዮን አዜመ። ሦስቱ የዜማ ስልቶች የሚታወቁት በእሱ ስም ነው። ግዕዝ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፤ ዕዝል በግዕዝ ላይ የታዘለ ነው፤ አራራይ ደግሞ ስሙ እንደሚነግረን አንጀት ያራራል።

ሥራውም በአምስት መጻሕፍት ይቆጠራል። ድጓ የዓመቱን በዓላት ተከትሎ ይሄዳል፤ ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም ነው። ምዕራፍ የዘወትሩን አገልግሎት ይይዛል። ዝማሬ ከቁርባን በኋላ ይዜማል፤ መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን ፍትሐትና መታሰቢያ ነው። አንድ ሰው ከልደት እስከ ቀብር የሚሰማውን ዜማ ሁሉ በሥርዓት ደልድሎታል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የሕይወቱ ገጠመኝ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት የሆነው ነው። ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ ተመስጠው ጦራቸውን በእግሩ ላይ ተከሉት። ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም አላወቁም። ዜማው ሲያልቅ ነው ያዩት። ሐኪሞች ይህን ስንሰማ ብዙም አንደነግጥም፤ ትኩረት በሌላ ነገር ሲያዝ ሕመም እንደሚቀንስ በየቀኑ እናየዋለን። ልጁ ቁስሉ ሲሰፋ እናቱ ተረት ብታወራለት ለምን እንደሚረጋጋ ታውቃላችሁ። ንጉሡ ደንግጠው፣ ለፈሰሰው ደም ካሣ የፈለገውን እንዲጠይቅ ነገሩት። ያሬድ ሹመትም ርስትም አልጠየቀም። ከቤተ መንግሥት እንዲያሰናብቱት ብቻ ለመነ።

የሄደው ወደ እኛ አገር ነው፤ ወደ ሰሜን ተራሮች። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ራስ ደጀን ያለበት፣ ማለዳ ውርጭ የሚነክስበት አገር ነው። በዚያ በጾምና በጸሎት ኖረ፤ ደቀ መዛሙርትንም አስተማረ። በትውፊቱ መሠረት በ66 ዓመቱ፣ ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. እዚያው ተሰወረ። የአክሱም ሊቅ የመጨረሻ ዘመኑን ከዋና ከተማ ርቆ፣ ብርድ ላይ ተማሪ ይዞ ማሳለፉን ሳስብ፣ ከዚህ ኮሌጅ ወጥተው በሰሜን ደጋ ጤና ጣቢያዎች ያገለገሉ የሞያ አጋሮቼ ትዝ ይሉኛል።

ያሬድ ከሄደ በኋላ ዜማው የቆየው በሥልጠና ነው። የዜማ ምልክቶቹ ማለትም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ነው። ከያሬድ አንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ዜማውን ያሻገረው የመምህርና የተማሪ ጉሮሮ ነበር።

ዛሬም የአብነት ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ይደግማል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ እንደገና ይደግማል። የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናል። እኛ ዋርድ ላይ ሬዚደንቱ ኢንተርኑን፣ ኢንተርኑ ተማሪውን እንደሚያስተምረው ነው። ለድጓ ምስክር ጋይንት ቤተ ልሔም ይኬዳል፤ ለአቋቋም ደግሞ የሚመጣው ወደ ጎንደር፣ ወደ በአታ ነው። መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ከዜማው ጋር የሚዋሐዱት እዚህ ነው። አራዳ አካባቢ ያደግን ልጆች ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት እንውል ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ብዙዎቻችን ሰንበት ትምህርት ቤት ወረብ እናጠና ነበር። የቅዳሜና እሁድ የሙዚቃ ሥልጠና ለጎንደር ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። ኒው ዮርክ ያለው የጁልያርድ ትምህርት ቤት ኮሌጅ ያልደረሱ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ያሠለጥናል። በእኛም አገር በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የእኛ ጥያቄ የጎንደር ልጅ እዚያ በር ላይ ከመድረሱ በፊት ማን ያዘጋጀው የሚል ነው። ይህ ልጅ ወረብ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል፤ መንዙማ ሲሰማ ያደገች ልትሆን ትችላለች፤ ከአባቱ ማሲንቆ የተማረ የአዝማሪ ልጅም ሊሆን ይችላል። ጆሮ አላቸው። የጎደላቸው ኖታ፣ መሣሪያና በየሳምንቱ የሚያርማቸው ሰው ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን። ወንበር ውስን ስለሆነ መምረጥ ግድ ነው የሚሉት ጓደኞቼ እውነት አላቸው፤ አንድ ክራር ለአሥር ልጅ አይበቃም። ግን በአንድ ቀን ፈተና ብንመርጥ ያሬድ ራሱ ይወድቅብን ነበር። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። መጀመሪያ ሦስት ወር ለፈለገ ሁሉ ክፍት ይሁን፤ በድምፅና በከበሮ ይጀመር፤ ለእነዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ምርጫው ከሦስት ወር በኋላ ይደረግ፤ የሚታየውም ልጁ መጀመሪያ ቀን ምን ቻለ የሚለው ሳይሆን ከዚያ ወዲህ ምን ያህል ተራመደ የሚለው ይሁን። ያቋረጠ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ያለ ጥያቄ ይመለስ።

በዚህ መገናኛችን ቤቱ የተቀመጠ ክራር፣ ጊታር ወይም ኪቦርድ ያለው ይዞ ይምጣ። ማስተማር የሚችል መምህርም ካለ በወር አንድ ቅዳሜ ይስጠን። ክርክሩን ቡና ላይ እንጨርሰዋለን።